የጋሽ መንታ ግድግዳ

ልጆቹ «ጋሽ መንታ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ከሚያስተምረው ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ከአፍ ሲወጡ አንድ የሆኑ፣ ሰሌዳ ላይ ሲጻፉ ግን ጭራሽ የማይተዋወቁ ቃላት አሉ። ፀሐይ «ሰን» ናት፣ ወንድ ልጅም «ሰን» ነው። ፀጉር «ሄር» ነው፣ ጥንቸልም «ሄር» ናት። ጅራትና ተረት ሁለቱም «ቴል» ናቸው ሲላቸው ደግሞ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እሱ እነዚህን «መንታ ቃላት» ይላቸዋል፤ ልጆቹም ብዙ ሳይቆዩ እሱኑ መንታ አሉት። ልጅ ስም ለማውጣት ማን ብሎት!

ዘዴው ቀላል ነበር። «ቃሉን ብቻውን አትመኑት፤ ጎረቤቶቹን እዩ» ይላቸዋል። አጠገቡ ሰማይ ካለ ፀሐይ ነው፤ አጠገቡ አባት ካለ ልጅ ነው። ይሄን የሚለው በዚያ ከደረት በሚወጣ፣ ሞቅ ባለ ድምፁ ነው፤ በኮሪደሩ የሚያልፍ የጽዳት ሠራተኛ እንኳ መጥረጊያውን ተደግፎ ያዳምጠዋል።

ሚስቱ ከግድግዳው ወዲያ ሒሳብ ታስተምራለች። የሷ ስም ደግሞ «እትዬ ሲቀነስ» ነው። ለምን እንደተባለች ፈተና ያረመችለት ሁሉ ያውቀዋል። በረንዳው ላይ ስሟን ሹክ ሲሉ ከሰማች ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ታልፋለች፤ ቤት ስትደርስ ግን ለባሏ ትነግረውና አብረው ይስቃሉ። ይስቁ ነበር ማለት ይሻላል።

ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ስስ ግድግዳ ነው። የሷ ሰሌዳ በዚህ በኩል፣ የሱ ሰሌዳ በዚያ በኩል፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰቅለዋል። ስለዚህ ባልና ሚስት ሲጽፉ ፊት ለፊት ቆመው ነው የሚጽፉት፤ ግድግዳው ባይኖር ኖሮ ጠመኔያቸው ይጋጭ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ነገር ደስ ይላት ነበር። ክፍልፋይ እያስተማረች፣ «አሁን እሱ እዚህ ጋ ቆሟል» ብላ እጇን ሰሌዳው ላይ የምታሳርፍበት ጊዜ ነበር።

ታዲያ ጋሽ መንታ ጆሮው አይሰማም።

ድንገት የመጣ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የሄደው የወፍ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የበር መጥሪያ፣ ቀጥሎ ከኋላ ወንበር የሚመጣ የልጅ ድምፅ። ሐኪሙ ነርቩ መድከሙን ነገራቸው፤ «አይመለስም፤ ያለውን እንጠብቅ» አለ። ያለውም ሳይጠበቅ ሄደ። ጆሮ ላይ የሚሰካ መሣሪያ ተገዛለት፤ ክፍል ውስጥ አድርጎት የገባ ቀን መሣሪያው ሲጥጥ ሲል ልጆቹ አይጥ ገባች ብለው ወንበር ስር ሲፈልጉ ዋሉ። ቤት እንደገባ ከካልሲዎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ እዚያው ቀረ።

«የእንግሊዝኛ መምህር ያለ ጆሮ ምኑን መምህር ሆነ?» አላት። «ከነገርሻቸው ያስወጡኛል። ይሄን ክፍል ብቻ ላስጨርስ።»

«እሺ፤ ይሄን ክፍል ብቻ» አለች። በሚቀጥለው ዓመትም ይሄን ክፍል ብቻ ተባለ። ከዚያም በሚቀጥለው። ያገባችው ለዚያ ድምፁ ስትል ነው ብትል ውሸት አይሆንባትም። ያ ድምፅ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ማየት አልፈለገችም። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው ተስማሙ፤ ሁለት ሆዶች ፈጁት።

መደበቂያውን ዘዴ ያገኘችው እሷ ናት። የሱ ልጆች መንጫጫት ሲጀምሩ በግድግዳው ይሰማታል። ያን ጊዜ የዳስተሩን የእንጨት ጀርባ አዙራ ሰሌዳዋን ትመታዋለች። ምቱ በግድግዳው አልፎ ጠመኔ ወደያዘው እጁ ይደርሳል። እሱ ዞር እንኳ ሳይል፣ ጀርባውን እንደሰጣቸው፣ «ዝም በሉ!» ብሎ ያምባርቃል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። የሷ ተማሪዎች እትዬ ሲቀነስ ዳስተሩን አቧራ እያራገፈች ይመስላቸዋል። የሱ ተማሪዎች ደግሞ ጋሽ መንታ ጀርባው ላይ ጆሮ አለው ብለው ያምናሉ። በትምህርት ቤቱ እንደሱ የሚፈራ መምህር አልነበረም። መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ «ዝንብ ስታልፍ ይሰማል» እያሉ ሲያደንቁት እሷ ሻይዋን ፉት ትላለች።

ሰው መሃል ደግሞ ሌላ ምልክት ነበራቸው። እሱ ጥያቄ ሲመጣበት ዓይኑን ወደሷ ጣል ያደርጋል። እሷ ሻርፗን ከነካች «አዎ በል» ማለት ነው፤ ቀለበቷን ከነካች «ተነስ እንሂድ» ማለት ነው። ፊት ለፊቱ ሆኖ በብርሃን የሚያወራውን ሰው ከንፈር ማንበብም ተክኗል። ስለዚህ ኑሮ ቀጠለ።

ትምህርቱ ግን እንደነበረው አልቀጠለም። መንታ ቃላት ማስተማር ጆሮ አይፈልግም፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ በዓይን ይለያል፣ ወረቀት ላይ ይመለሳል። ዱሮ የሁለት ሳምንት ትምህርት የነበረው እያደር መንፈቅ ሙሉ በላ። ሌላው ክፍል ድርሰት ሲጽፍ፣ ንግግር ሲያደርግ፣ የሱ ልጆች ገና ጥንቸልና ፀጉር ላይ ናቸው። እትዬ ሲቀነስ ይሄን ታውቃለች። አንድ ቀን፣ «እነዚህ ልጆች መቼ ነው መናገር የሚማሩት?» ብላዋለች። እሱ ከንፈሯን አይቶ ሲያበቃ ያላየ መሰለ። እሷም ሁለተኛ አላነሳችበትም።

ከልጆቹ አንዷ ብቻ አልሰለቻትም። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ ትንሽ ስለሆነች ሚጢጢ ይሏታል። አስም አለባት። የጠመኔ ብናኝ ስለሚያፍናት መስኮቱ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ወደ አፏ የምትረጨው መድኃኒት ሁልጊዜ ከቦርሳዋ ኪስ አይጠፋም። እሷ መንታ ቃላትን እንደ ከረሜላ ነው የምትወዳቸው። አንድ ቀን የቤት ሥራ ወረቀቷ ጥግ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦ «ጋሼ፣ የኛ ቋንቋ መንቶች ግን ተቃራኒ ናቸው። ‹እሱ አለ› ብዬ ብጽፍ ተናገረ ይሁን ወይም እዚህ ይገኛል፣ በዓይን አይለይም፤ ጮክ ብዬ ሳነበው ብቻ ነው የሚለየው። የእንግሊዝኛዎቹን ዓይን ይለያቸዋል፣ የኛዎቹን ጆሮ።»

ያን ወረቀት ይዞ ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። «እይ እስቲ! ይቺን ቅንጣት ልጅ እይልኝ!» እያለ ወጥ ቤት ድረስ ተከተላት። ልጅ አልወለዱም። ስለ ተማሪ እንዲህ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም። «ይሄን ክፍል ብቻ» የሚለው ነገር በዚያ ዓመት ስም አግኝቶ ነበር፤ ሚጢጢን ለሚቀጥለው ክፍል ሳላበቃ አልወጣም ማለቱ ነበር።

ነገሩ የደረሰበት ቀን የፈተና ቀን ነበር። በፈተና ቀን ቦርሳ ሁሉ ፊት ለፊት፣ ሰሌዳው ስር ይከመራል፤ ከደብተር እንዳይገለብጡ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። ጋሽ መንታ ጀርባውን ሰጥቶ የፈተናውን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ የጎደለውን ቃል እየመረጡ ይሞላሉ። ከግድግዳው ወዲህ እትዬ ሲቀነስ ማካፈል ታስተምራለች።

በመሃል ጫጫታ ሰማች። ወንበር ይጎተታል፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራረባል፣ «ጋሼ! ጋሼ!» የሚሉ አሉ። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ፣ «መኮራረጅ ጀመሩ» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ዳይሬክተሩ በኮሪደሩ ቢያልፍ ዛሬ አለቀልን» የሚል ነው። ዳስተሩን አዙራ መታች።

«ዝም በሉ!» አለ የባሏ ድምፅ።

ዝም አሉ። ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ጫጫታው እንደገና ተነሳ፤ አሁን ከበፊቱ ባሰ። ተናደደች። እነዚህ ልጆች ዛሬ ምን ነካቸው፣ ሊያዋርዱት ነው እንዴ! ሰሌዳው እስኪንቀጠቀጥ ደጋግማ መታች፤ የራሷ ተማሪዎች እንኳ ደንግጠው ቀና አሉ።

«ከወንበሩ የተነሳ ሰው ወረቀቱን እቀድዳለሁ! አንድም ድምፅ እንዳልሰማ!»

ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ። እትዬ ሲቀነስ በልቧ «ተመስገን» አለች። ይሄን ቃል በዚያች ሰዓት ማሰቧን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም። ጠመኔዋን አንስታ ማካፈሏን ቀጠለች፤ አንድ ምሳሌ ሠርታ ወደ ሁለተኛው አለፈች።

ከዚያ የባሏ ድምፅ እንደገና ተሰማ። ቁጣ አልነበረም። «ሚጢጢ! ሚጢጢ!» ይላል።

ሮጣ ስትገባ ልጅቷ በወንበሮቹ መሃል ባለው መተላለፊያ ላይ ወድቃለች። ወደ ቦርሳዎቹ እየመጣች ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቀረችው። ጋሽ መንታ ያያት ጽፎ ሲዞር ነው። ከንፈሯ ጠቁሯል። ጋሽ መንታ ተንበርክኮ አቅፏታል፣ እጁ ላይ ያለው ጠመኔ ዩኒፎርሟን ነጭ በነጭ አድርጎታል። ልጆቹ ግን አልተነሱም። ሁሉም ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ እጃቸውን ዴስኩ ላይ እንዳደረጉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሱ ነበር።

ታቅፏት ጤና ጣቢያ ድረስ ሮጠ። እሱ በዚያ ዕድሜው መሮጥ እንደሚችል አታውቅም ነበር። መድኃኒቱን ይዛ ከኋላ ከኋላው ሮጠች፤ ምንም አልጠቀመም። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ አንገቱን ሲደፋ፣ ጋሽ መንታ ከንፈር ማንበብ አላስፈለገውም።

ዳይሬክተሩ ልጆቹን እየጠራ ጠየቀ። ሁሉም ያሉት አንድ ነው፤ ጋሼ ዝም በሉ አለን፣ አትነሱ አለን። ዳይሬክተሩም ፋይሉን ዘጋ። «ፈተና ነው፤ ልጆች ይንጫጫሉ፣ መምህር ይቆጣል። ማንም በአንተ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እትዬ ሲቀነስ ሻርፗን ነካች። እሱም «አዎ» አለ።

እንዲህ ሆኖ ማንም ሳይወቅሳቸው ቀረ። ቢወቅሷቸው ይሻላት ነበር። ቤቱ ውስጥ ሁለቱም ዕቃ እንደሰበረ ሰው በእግራቸው ጣት ይሄዳሉ። ምግብ ይቀርባል፣ ምግብ ይነሳል። በቀብሩ ማግስት፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መስኮቱ ዘንድ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እሷን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት። ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ ነው።

«ስትመቺ ምን ሰምተሽ ነበር?» አላት።

«ጩኸት።»

«ምን ዓይነት ጩኸት?»

«ጩኸት ነዋ! ሁልጊዜ እንደሚንጫጩት።»

«እኔን ጠርታኝ ነበር?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለሱ ፊት ማዞር በር መዝጋት ነው። እሱም ተነሳና መኝታ ቤት ገባ። ሁለተኛ አልጠየቃትም።

ምን ብላ ትመልስለት? «ጋሼ» የሚለውን ሰምታለች። የልጅ ጫጫታና የልጅ ጭንቅ በግድግዳ ሲያልፉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እውነት ነው። ግን ደግሞ እግር ነበራት። በሩ ደርዘን እርምጃ አይሞላም። ዞር ብላ በመስኮት ብታይ ኖሮ ያበቃ ነበር። እሷ ግን የሰማችው ልጆቹን አልነበረም፤ የባሏን ውርደት ነበር የሰማችው። ከዚያ ሌላ ድምፅ ጆሮዋ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። መስማት የተሳነው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባት።

ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄዱ። በቀብሩ ዕለት በሰው ብዛት አልተጠጓትም ነበር። መንገድ ላይ እጁን ይዞ አቆማትና፣ «ምን ልበላት?» አለ።

«‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› በል። ሌላ ነገር እንዳትናገር። እኔ እያየሁህ ነው።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሥራውም መኝታውም እዚያው። የስፌት መኪናው በአንሶላ ተሸፍኗል። ከጣሪያው ሥር በተወጠረ ሽቦ ላይ ቁልፍ ያልተተከለላቸው፣ ኮሌታ የጎደላቸው የተማሪ ዩኒፎርሞች ተንጠልጥለዋል፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ይወዛወዛሉ። ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። የልጅቷ አክስት፣ ቁመተ ረጅም ሴት፣ በር ላይ ተቀበለቻቸውና፣ «ኧረ ጋሼ ይግቡ! መምህሯ መጡ» ብላ ለጋሽ መንታ ከእናቲቱ ጎን ወንበር አወጣችለት። እትዬ ሲቀነስን ከወዲያ ማዶ፣ ከሁለት አሮጊቶች መሃል አስቀመጠቻት።

ልብስ ሰፊዋ ወጣት ናት። ልጇን ያሳደገችው ብቻዋን ነው። ጣቶቿ አሁንም አርፈው አያውቁም፤ የሻርፗን ጠርዝ ይዘው የሌለ ስፌት ይሰፋሉ። ቀና ሳትል፣ ሻርፗን አፏ ላይ እንደያዘች ቆየች። ከዚያ እዚያው ሻርፑ ውስጥ መናገር ጀመረች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አይቆጡኝም?»

ጋሽ መንታ ዝም ብሎ የራሱን ጉልበት ያያል።

«ጓደኛዋ መጥታ ነግራኛለች። ልጄ ጠርታዎት ነበር። አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። እጇን አውጥታ፣ ‹ጋሼ ቦርሳዬን፣ ጋሼ ቦርሳዬን› እያለች።» ትንፋሽ አጠራት። «ቤት ስትገባ ወሬዋ እርስዎ ነበሩ። እናትሽን ወይስ ጋሼን ትወጃለሽ ብዬ እቀልድባት ነበር። እና ምን አጥፍታብዎት ነው? ምን ብታደርግ ነው ዝም ያሏት?»

ጋሽ መንታ ቀና ሲል የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነው። ጥያቄ እንደመጣ ገባው። እንደልማዱ ዓይኑን ወደ ማዶ፣ ወደ ሚስቱ ጣለ።

የእትዬ ሲቀነስ እጆች ጭኗ ላይ ደርቀው ቀሩ። የትኛውን ትንካ? ሁለቱም ምልክቶች ለዚህ አልተሠሩም። እሱ ጠበቀ። ጠብቆ ጠብቆ ምንም ሲያጣ፣ የለመደውንና ለለቅሶ ያጠናውን ተናገረ፤ በዚያ ከደረት በሚወጣ፣ ሞቅ ባለ ድምፁ።

«አዎ» አለ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ልብስ ሰፊዋ በጥፊ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ አለች። አክስትየዋ ከበሩ ዘለቀች።

«‹አዎ› ማለት ምንድን ነው? ሰውዬ፣ ‹አዎ› ብሎ ነገር ምንድን ነው? ሕፃን ልጅ በጭንቅ ስትጣራ ዝም ብለህ፣ ደግሞ እዚህ መጥተህ ‹አዎ›?»

እሱ ቁጣውን አየ እንጂ ቃሉን አላገኘውም። ፈገግ አለ። ያልሰማ ሰው ነገሩን ለማለፍ ፈገግ የሚላት፣ እትዬ ሲቀነስ አሳምራ የምታውቃት ፈገግታ ናት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች «ወይ ጉድ!» አሉ።

ቀለበቷን ብትነካ ተነስቶ ይወጣ ነበር። ይሄ በዚያች ቅጽበት ቁልጭ ብሎ ታያት። ሰፈር ሁሉ ክፉ ነው ይለዋል፣ ድንጋይ ልብ ነው ይለዋል። ግን ሰኞ ጠመኔውን ይዞ ይገባል፤ ክፉ ይባላል እንጂ ደንቆሮ አይባልም። ምስጢሩ እዚያው ይቀራል። እሱ ራሱ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢባል ክፉ መባልን ይመርጥ እንደነበር ታውቃለች። ጣቷ ወደ ቀለበቷ ሄደች። ልብስ ሰፊዋን አየቻት፤ «ልጄ ምን አጥፍታ ነው» እያለች ገና ራሷን ትወዘውዛለች። ጣቷን መለሰች።

«አይሰማም» አለች።

«ማ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ባለቤቴ አይሰማም። ጆሮው ከሄደ ቆየ። አሁንም አንቺ የጠየቅሽውን አልሰማም፤ ‹አዎ› ያለው ዝም ብሎ ነው። ልጅሽ ስትጠራው አልሰማትም።» ተነስታ መቆሟን እንኳ አላወቀችም። «ክፍሉ ሲረበሽ ግድግዳውን እየመታሁ የምነግረው እኔ ነኝ። ሰው እንዳያውቅበት ብለን ነው። ያን ቀንም የመታሁት እኔ ነኝ። የጮኹት ለሷ መሆኑን አላወቅኩም። የሚረብሹ መስሎኝ ሁለት ጊዜ መታሁ። እሱ ዝም ያሰኛቸው እኔ ስለነገርኩት ነው።»

ጋሽ መንታ የሚስቱን ከንፈር እያየ ነበር። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። አላቋረጣትም።

ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«እና ምንም አላጠፋችም?»

«ምንም! ምን ታጠፋለች የኔ እህት? ካስተማራቸው ሁሉ እንደሷ የሚወደው አልነበረም። የጻፈችለትን ወረቀት ይዞ ወጥ ቤት ድረስ እየተከተለ ሲያሳየኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። ለአፍታ ፊቷ ላይ እንደ እፎይታ ያለ ነገር መጣ፤ እትዬ ሲቀነስም አይታው ልቧ ጥቂት ረገብ አለ። ብዙ አልቆየም።

«እሷ ግን ይሄን አላወቀችም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። «ጋሼ ተጣላኝ ብላ ነው የሞተችው። አንድ ቀን ነግራችኋት ቢሆን ኖሮ፣ አትጠራውም ነበር እኮ። ገና ሲያፍናት ተነስታ ራሷ ቦርሳዋን ታመጣ ነበር። ልጆቹም ያመጡላት ነበር።»

እትዬ ሲቀነስ ልትቀመጥ ፈለገች፣ ወንበሯን አጣችው።

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። ጋሽ መንታ ፊት ሄዳ ቆመች፤ ሻርፑን ከአፏ ላይ አወረደች፤ ፊቷን ከፊቱ እኩል እስክታደርግ ጎንበስ አለች። ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት፣ በዝግታ ተናገረችው።

«ልጄ ጠርታህ ነበር።»

አየው። አንድም ፊደል አላመለጠውም። ወደ ሚስቱ አልዞረም፤ እስካሁን ሰው ሲያናግረው ወደሷ ሳይዞር የቀረበት ቀን የለም። እዚያው ሴትየዋ ፊት ላይ እንዳለ ዓይኑ ሞላ።

«አልሰማኋትም» አለ።

በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት ነበር። ደጅ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ደንግጠው ብድግ አሉ።